ቡሌንም ይዛችሁ ሂዱ

ወንድይፍራው፦ ውሻ ከፊት አይቀመጥም ብያለሁ!

ደምሰው፦ እሺ፣ ከኋላ ይቀመጥ።

ወንድይፍራው፦ ከኋላም አይቀመጥም። ከኋላ የሚቀመጠው ካፒቴኑ ነው።

ደምሰው፦ እሺ፣ መሃል ይቀመጥ።

ወንድይፍራው፦ መሃል የሚቀመጠው ቀዛፊው ነው። ቀዛፊው ደግሞ አንተ ነህ።

ደምሰው፦ እሺ፣ እኔ ልቅርና እሱ ይቅዘፍ።

ወንድይፍራው፦ አንተ ሰውዬ! ውሻ ይቀዝፋል?

ደምሰው፦ (ውሻውን አየት አድርጎ) ገና አልሞከረም።

(ይህ ጭቅጭቅ የሚካሄደው በጨው ባሕር ዳር ነው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ ገና መጀመሩ፣ ሐይቁም ገና ውሃ መያዝ መጀመሩ ነው። እኛ የጂንካ ሰዎች መቼም ከውሃ ጋር ያለን ትውውቅ ከባልዲ አያልፍም። ነሪ ወንዝ ሲሞላ ዳር ቆመን «ወይ ጉድ!» እንላለን፤ ሲጎድል ሱሪያችንን ሰብስበን እንሻገራለን፤ ከዚያ የበለጠውን ውሃ ለአዞና ለጉማሬ ትተናል። ወንድይፍራው ግን እንደኛ አይደለም። ሐዋሳ ሴሚናር ሄዶ መጥቷል። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃ የማያውቀው፣ ስለ አፈር የማይናገረው ነገር የለም። ሳሎኑ ውስጥ ጀልባ ላይ ተቀምጦ የተነሳው ፎቶ ተሰቅሏል፤ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ተቀመጥ» የሚባለው።

ደምሰው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው። ጠዋት የጠየቁትን ከሰዓት በኋላ የሚመልስ፣ እርጋታው ትዕግሥት የሚያስጨርስ ልጅ ነው። የወንድይፍራውን እህት ከበቡሽን ይወዳል። ይህን ጂንካ በሙሉ ያውቃል፤ ገዘር ገበያ ያሉትም ሰምተዋል። አቶ ሀብተ ማርያም የሚመሯቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ልኳል። ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣንበት ጉዳይ…» ሲሉ ወንድይፍራው ስለ አፈር መሸርሸር ገለጻ ጀመረላቸው። ሲጨርስ መሽቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም እርከን እንሠራለን ብለው ቃል ገብተው ወጡ። አባት በሕይወት ስለሌሉ የቤቱ ቃል ያለው በወንድይፍራው አፍ ነው፤ አፉ ደግሞ ሥራ በዝቶበታል።

ዛሬ እዚህ ያመጣቸው ገንዳ ነው። ወንድይፍራው የሚሠራበት የእርሻ መሥሪያ ቤት ሐይቁ አካባቢ ላሉ አርብቶ አደሮች ከዋንዛ ግንድ አስቦርቡሮ ያሠራው ትልቅ የከብት ማጠጫ ገንዳ ነው። ሾፌሩ ታደለ ብቻውን ሊያደርሰው ይችል ነበር። ከበቡሽ ግን ወንድሟን «ባትሄድ ይሻላል፣ አንተ እንደሆንክ ውሃ ትፈራለህ» አለችው። በቃ። ይህን ሰምቶ ማን ይቀራል? ደምሰውም «ልሸኝህ» ብሎ ተከተለ። መኪናው ሊነሳ ሲል ከበቡሽ ውሻውን በገመድ እየጎተተች መጥታ «ቡሌንም ይዛችሁ ሂዱ፣ አየር ይቀይር!» አለች። ጂንካ ውስጥ ውሻ አየር ይቀይር ሲባል የተሰማው ያን ጠዋት ነው። አሁን ታደለ እነሱንና ገንዳውን አውርዶ ተረካቢዎቹን ሊጠራ ሄዷል።)

ደምሰው፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገንዳ ነው።

ወንድይፍራው፦ ስማኝ ልንገርህ። ገንዳ ማለት ውሃው ውስጡ ያለ ጀልባ ነው። ጀልባ ማለት ደግሞ ውሃው ውጪ የቀረበት ገንዳ ነው። ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው።

ደምሰው፦ (ቆይቶ) ሐዋሳ ነው እንዲህ ያሏችሁ?

ወንድይፍራው፦ ሐዋሳማ ከዚህ የበለጠ ነው። አስረካቢ ማለት ዝም ብሎ አውርዶ የሚሄድ አይደለም። ንብረቱን ይፈትሻል! ውሃ ያስገባል አያስገባም፣ ክብደት ይችላል አይችልም። አካፋውን ያዝ።

ደምሰው፦ አካፋ ለምን?

ወንድይፍራው፦ መቅዘፊያ ነዋ!

(ደምሰው ጫማውን አወለቀና ማሰሪያውን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፤ ሱሪውንም እስከ ጉልበቱ መሰብሰብ ጀመረ። ወንድይፍራው ጥቁር ጫማውን ዛሬ ጠዋት ነው ያስጠረገው፤ ፊት ያሳያል።)

ወንድይፍራው፦ ምን እያደረግህ ነው?

ደምሰው፦ እንዳይረጥብ ብዬ ነው።

ወንድይፍራው፦ ጀልባ ውስጥ እኮ ነው የምንገባው! ጀልባ ውስጥ ሱሪ መሰብሰብ ፈራህ ማለት ነው። ጀልባውን አላመንከውም ማለት ነው።

ደምሰው፦ ገንዳውን አምኜዋለሁ።

ወንድይፍራው፦ ጀልባውን በል!

ደምሰው፦ ጀልባውን ገና አላወቅሁትም።

(ገቡ። ከብዙ ክርክር በኋላ ቡሌ ከፊት ተቀመጠ፤ ማንም አልፈቀደለትም፣ ራሱ ገብቶ ተቀመጠ። ቡሌ በፊት ስሙ ሻምበል ነበር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ አገሩ በሻምበል ሲሞላ የወንድይፍራው እናት እትዬ አሰገደች ነገሩ ስላላማራቸው ስሙን ቀየሩት። ጠባዩ ግን አልተቀየረም። ደምሰው በአካፋው ገፋ፤ ገንዳው ተንቀሳቀሰ። ወንድይፍራው ጠርዙን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ፊቱን ግን ኮስተር አደረገው።)

ደምሰው፦ ጋሼ፣ እነዚያ ወፎች።

ወንድይፍራው፦ የትኞቹ?

ደምሰው፦ ሐይቁ መሃል ያሉት፣ ረጃጅሞቹ። ቆመው ነው ተቀምጠው?

ወንድይፍራው፦ ዋናተኞች ናቸው! የውሃ ወፍ እግሩን ከታች እንዲህ እንዲህ ያደርጋል። አንተ ከላይ ስታይ የቆመ ይመስልሃል።

ደምሰው፦ እግራቸው ይታያል እኮ። አንዱማ ባንድ እግሩ ነው።

ወንድይፍራው፦ እሱ ደክሞት ነው። ቅዘፍ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ አልኩህ!

ደምሰው፦ አካፋው አንድ ነው።

ወንድይፍራው፦ ታዲያ እየቀያየርክ ነዋ!

(ገንዳው አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛ ዞረ። ዳሩ ከፊታቸው አለፈ፣ ተመልሶ መጣ። ወንድይፍራው ዓይኑን ጨፈነ።)

ደምሰው፦ ጋሼ፣ እየዞርን ነው።

ወንድይፍራው፦ እንደሱ ነው። ትልቅ ውሃ ያዞራል።

ደምሰው፦ አካፋው አንድ ነገር ነካ።

ወንድይፍራው፦ ዓሣ ነው።

ደምሰው፦ ጭቃ ይዞ ወጣ።

ወንድይፍራው፦ ዓሣ ጭቃ ላይ ይተኛል። ቀስቅሰኸው ነው።

ደምሰው፦ (አካፋውን ደጋግሞ እያየ) ለመሆኑ ይሄ ሐይቅ ጥልቀቱ ምን ያህል ይሆን?

ወንድይፍራው፦ ጨው ባሕር? ኧረ ተወኝ! ማን ለክቶት ያውቃል! እዚህ የገባ ሰው አልወጣም።

ደምሰው፦ ማን ነው የገባው?

ወንድይፍራው፦ ካልወጣ ማንነቱ በምን ይታወቃል?

ደምሰው፦ (ረዘም ላለ ጊዜ አስቦ) እውነትህን ነው።

(ፀሐይዋ ከረር ብላለች። ወንድይፍራው በልቡ «አይ ከበቡሽ፣ ይሄን ልጅ ነው የመረጥሽው?» አለ። ሰው አንድ ነገር ሲነገረው ወይ ይከራከራል ወይ ያጨበጭባል፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ያያል። ቡሌ ድንገት ብድግ ብሎ ወደ ውሃው መጮህ ጀመረ።)

ወንድይፍራው፦ አፉን ያዝ! አፉን ያዝ!

ደምሰው፦ ለምን?

ወንድይፍራው፦ አዞ ነዋ! አዞ ከሥጋ ሁሉ የሚወደው የውሻ ሥጋ ነው። የውሻ ድምፅ ከሰማ ከአርባ ምንጭ ድረስ ይነሳል።

ደምሰው፦ በየት በኩል ይመጣል?

ወንድይፍራው፦ በኮንሶ።

ደምሰው፦ ታዲያ ኮንሶ ኬላ አለ። ያለ ይለፍ ወረቀት ማን ያሳልፈዋል?

ወንድይፍራው፦ አንተ ልጅ፣ ስለ አዞ ነው የማወራህ!

ደምሰው፦ እኔንስ ባለፈው ጊዜ መልሰውኝ የለ? የቀበሌ መታወቂያ ይዤ።

ወንድይፍራው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ዝም በል። ተመልከት። ከፊታችን… ያ ጉብ ያለው።

ደምሰው፦ ያ ቡናማው?

ወንድይፍራው፦ ጀርባው ነው።

ደምሰው፦ አይንቀሳቀስም።

ወንድይፍራው፦ እያደባ ነው።

ደምሰው፦ ወፍ አርፎበታል።

ወንድይፍራው፦ ጥርሱን የምታጸዳለት ናት። አልተማርክም?

ደምሰው፦ ከጀርባው ላይ ሆና?

ወንድይፍራው፦ ተራዋን እየጠበቀች ነው! ወደ ኋላ ቅዘፍ! ወደ ኋላ!

(ደምሰው ወደ ኋላ ለመቅዘፍ አካፋውን ቀየረ። ገንዳው ግን ዞሮ በጎኑ ወደ ጉብታው ሄደ። «ጓ!» አለ፤ ቀጥ አለ። ወንድይፍራው ጮኸ። ጩኸቱን በኋላ ሲያወራው «ትእዛዝ ነው የሰጠሁት» ይላል፤ ትእዛዝ ግን አልነበረም፣ «እምዬ!» ነበር።)

ወንድይፍራው፦ ያዘን! ከሥር ነክሶ ያዘን!

ደምሰው፦ (አጎንብሶ እያየ) ጥርሱ አይታይም።

ወንድይፍራው፦ ከታች በኩል ነው! አትንቀሳቀስ! አትተንፍስ! ቡሌ፣ አንተም አትተንፍስ!

(ሦስቱም ቁጭ አሉ። ቡሌ ብቻ ተነፈሰ። ያኔ ነው ከገንዳው ስንጥቅ ውሃ ሹልክ ሹልክ ማለት የጀመረው። የወንድይፍራው ጥቁር ጫማ ጫፉ ረጠበ፣ ከዚያ ማሰሪያው ረጠበ፣ ከዚያ ካልሲው ቀዘቀዘው።)

ደምሰው፦ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ምን?

ደምሰው፦ አሁን ገንዳ ሆነ።

ወንድይፍራው፦ አትቀልድብኝ! ሰመጥን እኮ! በቃ፣ አለቀልን! ወይኔ ልጅነቴ!

ደምሰው፦ ትዋኝ የለ እንዴ?

ወንድይፍራው፦ ማን? እኔ?

ደምሰው፦ ሐዋሳ፣ ፎቶው ላይ…

(ወንድይፍራው አካፋውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ፤ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረም። በየሳምንቱ ስብሰባ ሌሎች ተነስተው ራሳቸውን ሲነቅፉ ሲያጨበጭብ የኖረ ሰው ነው። የእሱ ተራ አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም። አሁን ደረሰ።)

ወንድይፍራው፦ ጓድ ደምሰው።

ደምሰው፦ አቤት።

ወንድይፍራው፦ ግለ ሂስ አደርጋለሁ።

ደምሰው፦ እዚህ?

ወንድይፍራው፦ የት ላድርገው ታዲያ? ነገ ስብሰባ ልገባ ነው? ስማኝ። እኔ ዋና አልችልም። ጀልባም ገብቼ አላውቅም። ሐዋሳ ሦስት ቀን ስቀመጥ ሐይቁን ያየሁት ከሆቴሉ በረንዳ ነው፤ ያውም ጠረጴዛ ላይ የመጣልኝን ዓሣ እየበላሁ።

ደምሰው፦ ፎቶውስ?

ወንድይፍራው፦ ፎቶ ቤት ነው የተነሳሁት። ጀልባዋ መጋረጃ ላይ የተሳለች ናት።

ደምሰው፦ እሱንስ አውቃለሁ።

ወንድይፍራው፦ ታውቃለህ?!

ደምሰው፦ ከጀልባዋ ሥር ምንጣፍ ይታያል። ሽማግሌዎቹም አይተውታል።

ወንድይፍራው፦ ምንም አላሉኝም እኮ!

ደምሰው፦ መቼ ፋታ ሰጠሃቸው?

(ውሃው የወንድይፍራው ቁርጭምጭሚት ላይ ደርሷል። ቡሌ ከገንዳው ጫፍ ላይ ሁለት የፊት እግሮቹን ሰቅሎ ወደ ታች ያያል።)

ወንድይፍራው፦ ለእማዬ ንገርልኝ። ቢሮ መሳቢያዬ ውስጥ ያለውን ምላጭ ለታደለ ስጡት። ፎቶውንም አውርዱት።

ደምሰው፦ እኔስ እየሰመጥኩ አይደለም እንዴ? በማን በኩል ልንገር?

ወንድይፍራው፦ ቡሌ ይዋኛል።

ደምሰው፦ ቡሌ እንዴት አድርጎ ነው ስለ ምላጭ የሚነግራቸው?

ወንድይፍራው፦ ኡፍ! በሞት አፋፍ ላይ እንኳ ከአንተ ጋር መነጋገር አይቻልም!

ደምሰው፦ ጋሼ፣ ካልተቀየምከኝ አንድ ነገር ልጠይቅህ።

ወንድይፍራው፦ ጠይቅ፣ ምን ቀረኝ?

ደምሰው፦ ከበቡሽን ለምን ከለከልከኝ?

ወንድይፍራው፦ አልከለከልኩህም። ማን ከለከለህ? እሺ አላልኩም እንጂ።

ደምሰው፦ ለምን እሺ አላልክም?

(እዚህ ላይ ወንድይፍራው ሊቀባጥር ፈልጎ ነበር። «ጥናት ያስፈልገዋል» ሊል ነበር፤ «ሁኔታዎች አልተመቻቹም» ሊል ነበር። ነገር ግን እግሩን በርዶታል፣ አዞው ሥሩ አለ፣ ልቡም ሞልቷል።)

ወንድይፍራው፦ ጠልቼህ አይደለም፣ ደምሰው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እማዬ ጸሎት ላይ ናት። ቢሮ እንደሆነ እኔ አፌን ስከፍት ሁሉም ሥራ ትዝ ይለዋል። ማታ ቤት ስገባ «ዛሬስ ምን ዋልክ?» ብላ ቁጭ ብላ የምትሰማኝ ከበቡሽ ብቻ ናት። ስለ እርከን እንኳ ስነግራት «እሺ ከዚያስ?» ትለኛለች። እሷ ካገባች እኔ ለማን ነው የማወራው? ለቡሌ?

ደምሰው፦ (ቆይቶ፣ ቆይቶ) እኔ እሰማሃለሁ።

ወንድይፍራው፦ አንተ?

ደምሰው፦ አሥር ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ። ጩኸት አይከብደኝም።

(ወንድይፍራው ይስቅ ወይስ ያልቅስ አላወቀም። ሁለቱንም ባንድ ላይ ሞከረና ሳል ሆነበት።)

ወንድይፍራው፦ እውነት ትሰማኛለህ?

ደምሰው፦ በየማታው ትመጣለህ። ራት እኛ ጋ ትበላለህ።

ወንድይፍራው፦ ስለ አፈር መሸርሸርስ?

ደምሰው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ።

ወንድይፍራው፦ በቃ ውሰዳት! ከበቡሽን ሰጥቼሃለሁ! ከዚህ ከወጣን ግን… ባንወጣም ሰጥቼሃለሁ! አባቴ ይሙት!

ደምሰው፦ አባትህማ ሞተዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ወንድይፍራው፦ በአባቴ አፅም!

ደምሰው፦ በአባትህ አፅም ሰጥተኸኛል?

ወንድይፍራው፦ በአባቴ አፅም ሰጥቼሃለሁ! ሌላ ምን ልበል?

ደምሰው፦ ሌላ አያስፈልግም። ይበቃል።

(ደምሰው አካፋውን ከእጁ ወሰደለት፤ እግሩን በገንዳው ጠርዝ አሻግሮ ወደ ውሃው ወረደ። ወንድይፍራው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ደምሰው ቆሞ ነበር። ውሃው ከጉልበቱ በታች ነው። የተሰበሰበው ሱሪው ጫፉ እንኳ አልረጠበም።)

ወንድይፍራው፦ ደምሰው?

ደምሰው፦ አቤት።

ወንድይፍራው፦ ቆመሃል?

ደምሰው፦ ቆሜያለሁ።

ወንድይፍራው፦ ምን ላይ?

ደምሰው፦ መሬት ላይ።

ወንድይፍራው፦ ከአዞው ላይ ውረድ! አዞው ላይ ነው የቆምከው!

ደምሰው፦ አዞ የለም። (ጉብታውን በአካፋው ጀርባ መታ መታ አድርጎ) ኩይሳ ነው። ምስጥ የሠራው። ውሃው ሲመጣ ከበበው።

(ቡሌ ይህን ሲሰማ ዘሎ ወረደ። ውሃው ሆዱን ነካው። ጅራቱን አቁሞ፣ እያንቦጫረቀ፣ ረጃጅሞቹን ወፎች ሊያባርር ሄደ። ወፎቹም በረጃጅም እግሮቻቸው እየተራመዱ ሸሹት። ከመካከላቸው አንድም ዋናተኛ አልነበረም። ወንድይፍራው ተነሳ፣ አንድ እግሩን አወረደ፤ ጭቃው ጫማውን ዋጠው። እግሩን ሲያወጣ ካልሲ ብቻ መጣ።)

ወንድይፍራው፦ ጫማዬ!

ደምሰው፦ አካፋ አለን፣ ይቆፈራል።

ወንድይፍራው፦ አንተ… አንተ ቀበሮ! አታለልከኝ! ጥልቅ አለመሆኑን ታውቅ ነበር!

ደምሰው፦ አላታለልኩህም፣ ጋሼ። ወፎቹ ቆመዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። አካፋው ጭቃ ይዞ ወጣ ብዬ ነገርኩህ። ደግሞ ታደለ ጠዋት «አምና በዚህ በኩል መኪና ነድቼ አልፌያለሁ» ሲለን አንተ ተኝተህ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ለምን አልቀሰቀስከኝም?

ደምሰው፦ ከጂንካ ጀምሮ ስትናገር ዝም ያልከው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ታደለ እባክህ እንዳትነካው አለኝ።

(ወንድይፍራው ባንድ ጫማ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ውርደቱ ጆሮው ድረስ ተሰምቶታል። ሰው ሲዋረድ ወይ ይስቃል ወይ ሕግ ይጠቅሳል፤ ወንድይፍራው ሕግ ጠቀሰ።)

ወንድይፍራው፦ እንግዲያው ስማ። የሰጠሁት ቃል ተሰርዟል። የተሰጠው በሐሰት ጥልቀት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ደምሰው፦ በአባትህ አፅም ነው የተሰጠው።

ወንድይፍራው፦ (ክው ብሎ) …እሱን አልነካሁም። ቃሉ ይኖራል። ግን ይህ ነገር ሥርዓት አለው! ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይናገራል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አጭር መግቢያ አደርግና…

ደምሰው፦ ሽማግሌ ተልኳል።

ወንድይፍራው፦ ወዴት?

ደምሰው፦ እናንተ ቤት።

ወንድይፍራው፦ መቼ?

ደምሰው፦ (ቀና ብሎ ፀሐይዋን አይቶ) እስካሁን ምሳ ሳይበሉ አይቀሩም።

ወንድይፍራው፦ ዛሬ?! እኔ በሌለሁበት?!

ደምሰው፦ ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ። አቶ ሀብተ ማርያምን ሦስተኛ ጊዜ ሂዱልኝ ብላቸው እንቢ አሉኝ። «እኛ ሚስት ልንጠይቅ ሄደን ሁለት ጊዜ እርከን ሠርተን ተመለስን» አሉ። ከበቡሽ ራሷ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ «እሺ፣ ግን ሁለት ነገር ከቤቱ ካልወጣ አልገባም» አሏት።

ወንድይፍራው፦ ምን እና ምን?

ደምሰው፦ «አንዱ ከበር ጀምሮ ይጮህብናል» አሉ።

ወንድይፍራው፦ ቡሌ ነው። ልክ ናቸው፣ እሱ ሰው አያስገባም። ሌላውስ?

ደምሰው፦ «ሌላው ከገባን በኋላ።»

(ወንድይፍራው ቡሌን አየው። ቡሌ ከሩቅ፣ ውሃ መሃል ቆሞ፣ ምላሱን አውጥቶ እሱን አየው። እንዲህ በደንብ ተያይተው አያውቁም ነበር።)

ወንድይፍራው፦ አየር ይቀይር ያለችው…

ደምሰው፦ ሁለታችሁንም ነው።

ወንድይፍራው፦ ውሃ ትፈራለህ ያለችኝስ?

ደምሰው፦ እንድትሄድ ነዋ። ካልሰደቡት አይነሳም አለችኝ።

ወንድይፍራው፦ እማዬም ታውቃለች?

ደምሰው፦ እትዬ አሰገደች «የእኔን ቃል ለሽማግሌዎቹ እሰጣለሁ። የልጄን ቃል ግን ራስህ ይዘህልኝ ና፣ ሳይቀየም» ነው ያሉኝ። ያላንተ ቃል ከበቡሽም እሺ አትልም፤ «ወንድሜን አስከፍቼ አልወጣም» ብላለች። ለዚህ ነው እዚህ ውሃ ላይ አካፋ ይዤ ስዞር የቆየሁት።

(ወንድይፍራው ነገሩን ገጣጠመ። ያ ሁሉ ሰው ተመካክሮ እሱን እንደ ልጅ በመኪና ጭኖ ልኮታል። ተናደደ። ግን «ወንድሜን አስከፍቼ አልወጣም» የሚለው ቃል ገብቶ ሆዱ ውስጥ ቁጭ አለ፤ ንዴቱን ቦታ አሳጣው። ባንድ ጫማ ቆሞ መሳቅ ጀመረ። ከሩቅ የታደለ መኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ የሚረከቡት ሰዎች ከኋላው ተጭነው፣ ገንዳቸውን ሐይቅ መሃል ኩይሳ ላይ ተቀምጦ ሲያዩት እርስ በርሳቸው ይጠቋቆማሉ።)

ወንድይፍራው፦ ደምሰው።

ደምሰው፦ አቤት፣ ጋሼ።

ወንድይፍራው፦ ስንመለስ ቡሌ መኪናው ውስጥ ከፊት ይቀመጥ።

ደምሰው፦ አንተስ?

ወንድይፍራው፦ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ከአካፋው ጋር። ለታደለም አልናገርም፤ እስከ ጂንካ ድረስ አንድ ቃል አይወጣኝም።

ደምሰው፦ እስከ ጂንካ?

ወንድይፍራው፦ እስከ… እስከ ግማሽ መንገድ፣ እስከ ወይጦ ድረስ።

(ገንዳውን እየገፉ ወደ ዳር መራመድ ጀመሩ። ወንድይፍራው ጥቂት እንደሄደ ቆመ። አንድ ነገር ሲበላው ያስታውቃል።)

ወንድይፍራው፦ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እውነቱን።

ደምሰው፦ ጠይቀኝ።

ወንድይፍራው፦ አቶ ሀብተ ማርያም ሁለት ነገር ይውጣ ሲሉ መጀመሪያ የጠሩት ማንን ነው? ቡሌን ነው እኔን?

(ደምሰው እንደ ልማዱ አሰበ። ገንዳውን ገፋ፤ አሰበ። ዳር ደረሱ። ወንድይፍራው «ቡሌን ነው አይደል?» ብሎ ተስፋ ማድረግ ጀምሮ ነበር።)

ደምሰው፦ ቡሌማ ቢታሰርም ይበቃል ብለው ነበር።